አይፓድ ሪስቶር አልሆን ሲል፦ መጀመሪያ የቆመበትን ቦታ እዩ

ሪስቶር (ታብሌቱን ጠርጎ ሶፍትዌሩን ከኮምፒውተር እንደ አዲስ መጫን) ተጀምሮ መሐል ላይ ሲቋረጥ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ታብሌቱን ነው። «ቦርዱ ሄዷል» ይባልና ወይ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ ወይ በርካሽ ይሸጣል። ሪስቶር ግን ታብሌቱ ብቻውን የሚሠራው ሥራ አይደለም። ኬብሉ፣ ኮምፒውተሩ፣ መብራቱና ኢንተርኔቱ እኩል መቆም አለባቸው፤ ከነዚህ አንዱ ለጥቂት ሰከንድ ቢለግም ሥራው ፈርሶ ስክሪኑ ላይ የስሕተት ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩን ጻፉት፣ ይጠቅማል። ከቁጥሩ ይልቅ ወደ ጥፋቱ የሚመራው ግን ሥራው የት ሲደርስ እንደቆመ ነው።

ይህ መመሪያ በዋናነት ለአይፓድ ነው። የሳምሰንግና የርካሽ አንድሮይድ ታብሌቶች ጉዳይ ወደ መጨረሻው አካባቢ ባጭሩ ይነሣል።

ከሪስቶር በፊት አፕዴት

ፎቶና ሰነድ ያለበት አይፓድ የአፕል ምልክት ላይ ተጣብቆ ሲቀር ወዲያው ሪስቶር አይደረግም። ኮምፒውተሩ ታብሌቱን በሪከቨሪ፣ ማለትም ሶፍትዌር ለመቀበል በሚጠብቅበት ልዩ ሁኔታ፣ ሲያገኘው ሁለት ምርጫ ያቀርባል፦ «አፕዴት» እና «ሪስቶር»። አፕዴት ሶፍትዌሩን እንደገና ይጭናል እንጂ የባለቤቱን ፋይል አይነካም። ሪስቶር ግን ሁሉንም ጠርጎ ያጠፋል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳ ወይም የፖሊ ግቢ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ባክአፕ ሳያደርግ እዚያው ላይ ይዞ ከሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ታብሌቱን ለባለሙያ የምትሰጡ ከሆነ «መጀመሪያ አፕዴት ሞክርልኝ፣ ሪስቶር ከማድረግህ በፊት ደውልልኝ» ብላችሁ ስጡ። የይለፍ ቁጥሩ ተረስቶ የተዘጋ አይፓድ ከሆነ ግን አፕዴት አይከፍተውም፤ በኮምፒውተር በኩል ያለው መንገድ ሪስቶር ነው።

ወደ ሪከቨሪ አገባቡ እንደ ታብሌቱ ዓይነት ይለያያል። ሆም በተን ያለው ከሆነ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙትና ሆሙንና የላይኛውን በተን አንድ ላይ ያዙ። የአፕል ምልክት ሲመጣ እንዳትለቁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የኬብልና የኮምፒውተር ሥዕል ሲወጣ ብቻ ልቀቁ። ሆም በተን ከሌለው ደግሞ ለላይኛው በተን ቅርብ የሆነውን የድምፅ በተን ነካ አድርጋችሁ ልቀቁ፣ ቀጥሎ ራቅ ያለውን የድምፅ በተን ነካ አድርጋችሁ ልቀቁ፣ ከዚያ የላይኛውን በተን ያው ሥዕል እስኪመጣ ድረስ ይዛችሁ ቆዩ።

የ15 ደቂቃው ወጥመድ

አፕዴት ወይም ሪስቶር ሲባል ኮምፒውተሩ በመጀመሪያ የሶፍትዌሩን ፋይል ከአፕል ያወርዳል። ማውረዱ ከ15 ደቂቃ በላይ ከፈጀ አይፓዱ በራሱ ከሪከቨሪ ይወጣል። ሰው ይህን አይቶ «አልቀበል አለ» ይላል፤ ታብሌቱ ግን መጠበቅ ሰልችቶት ነው።

ሒሳቡን እንየው። የአሁኖቹ አይፓዶች ፋይል ብዙ ጊዜ ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። 7 ጊጋባይት ብንል በ15 ደቂቃ ለመጨረስ በሰከንድ ከ60 ሜጋቢት በላይ ፍጥነት ይጠይቃል። ባሕር ዳር ላይ ማታ ሁሉም ኢንተርኔት በሚጠቀምበት ሰዓት ፍጥነቱ 5 ሜጋቢት ከሆነባችሁ ያው ፋይል ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ማውረዱንና መጫኑን ለዩአቸው። አንደኛው መንገድ አይፓዱ ከሪከቨሪ ቢወጣም ማውረዱ እስኪያልቅ ዝም ብሎ ጠብቆ፣ ሲያልቅ እንደገና ሪከቨሪ ማስገባት ነው። የተሻለው መንገድ ግን ፋይሉን ታብሌቱ በሌለበት፣ በሌሊት ጥቅል ወይም ፈጣን መስመር ባለበት ቦታ አስቀድሞ ማውረድ ነው።

ፋይሉ «አይፒኤስደብልዩ» የሚባለው ዓይነት ነው። የትኛው ፋይል እንደሚያስፈልግ የሚነግራችሁ ከታብሌቱ ጀርባ በደቃቁ የተጻፈው የሞዴል ቁጥር ነው፦ ኤ1474 የመጀመሪያው አይፓድ ኤር፣ ኤ1566 ኤር 2፣ ኤ1822 አምስተኛው ትውልድ፣ ኤ1893 ስድስተኛው፣ ኤ2197 ሰባተኛው ነው፤ እነዚህ ሁሉ ዋይፋይ ብቻ ያላቸው ናቸው። ሲም የሚቀበለው ወንድማቸው ሌላ ቁጥር አለው፣ ፋይሉም ሊለይ ይችላል። በመልክ መገመት አያዋጣም፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ትውልድ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ባለቤታቸውም አይለያቸውም።

ሌላው መታወቅ ያለበት አሮጌ ቨርሽን መመለስ አለመቻሉ ነው። አፕል እያንዳንዱን ጭነት በዚያው ሰዓት ይፈርምለታል፤ ለዚያ ሞዴል መፈረም ያቆመበት ቨርሽን ፋይሉ በእጃችሁ ቢኖርም አይጫንም። ኤር 2 በ15ኛው ቨርሽን፣ አምስተኛው ትውልድ በ16ኛው ላይ ያበቃሉ። የመጀመሪያው ኤር ደግሞ ከ12ኛው አያልፍም። «አዲሱን ጫንልኝ» ተብሎ ገንዘብ ቢከፈልም ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም።

ፋይሉን በፍላሽ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ፍላሹ በፋት32 የተፎረመተ እንዳይሆን። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ፍላሹ 64 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለው «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» የሚላችሁ ለዚህ ነው። በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጉት። ፋይሉን ከጓደኛ ከቀዳችሁ ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ፦ በውስጡ ዚፕ ስለሆነ ሰቨን ዚፕ በሚባለው ፕሮግራም ከፍቶ «ቴስት» ማለት ይበቃል። መጨረሻው የተቆረጠ ፋይል እዚያው ላይ ይጋለጣል።

ከዚያ በዊንዶውስ ሺፍት፣ በማክ ኦፕሽን የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ «ሪስቶር» ወይም «አፕዴት» ስትሉ ፋይሉን ምረጡ የሚል መስኮት ይከፈታል።

መጀመሪያው ላይ ሲቆም፦ ኢንተርኔት፣ ቀን እና «ሆስትስ»

ኮምፒውተሩ ገና አይፓዱን ሳይነካው ወይም ከአፕል ጋር ለማረጋገጥ ሲሞክር 3194፣ 3004፣ 3014 ወይም 17 ካለ ታብሌቱን ተዉት። ጥፋቱ በኮምፒውተሩና በአፕል ሰርቨር መካከል ነው። ፋይሉ በእጃችሁ ቢኖርም ፊርማው የሚመጣው በኢንተርኔት ስለሆነ ያለ መስመር ሪስቶር የለም። ለፊርማው የሚያልፈው ዳታ ትንሽ ነው፣ የስልክ ሆትስፖት ከበቂ በላይ ነው። ግን ሆትስፖት በሰጠው ስልክ በዚያ ሰዓት ጥሪ አትቀበሉ፤ ኔትወርኩ ወደ ታች ሲወርድ ዳታው ይንጠለጠላል።

እዚህ አገር በተለይ የሚያጋጥም ነገር አለ፤ የኮምፒውተሩ ቀን። ዴስክቶፑ ላይ 2017 ወይም 2018 ብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ ሰው ካለ፣ ኮምፒውተሩ ራሱን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ አድርጎ ያያል። ያን ጊዜ የአፕል ሰርቨር የሚያቀርበው የደኅንነት ሰርተፍኬት «ገና ያልተወለደ» ይሆንበትና ግንኙነቱን ይዘጋል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ማድረግ የሚያመጣው የ6 ሰዓት ልዩነት ብዙ ጊዜ ይታለፋል፣ የ7 ዓመቱ ግን አይታለፍም። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አስተካክሉ፣ የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ የሚለው ላይ አድርጉ። ኮምፒውተሩ በጠፋና በበራ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ ሲአር2032 የምትባለው ናት፣ በቀላሉ ትቀየራለች።

ብዙ ዓይነት ሥራ ያለፈበት የጥገና ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ «ሆስትስ» የሚባለውን ፋይል እዩ። አሮጌ ቨርሽን እንመልሳለን የሚሉ የቀድሞ ፕሮግራሞች የአፕልን የፊርማ ሰርቨር ወደ ሌላ አድራሻ የሚያዞር መስመር ጽፈው ይሄዳሉ። ኖትፓድን በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ክፈቱ፣ ከሲ ድራይቭ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ድራይቨርስ፣ ኢቲሲ ድረስ ግቡና ፋይሉን አንሡ። መጀመሪያው ላይ የቁጥር አድራሻ፣ መጨረሻው ላይ የአፕል ሰርቨር ስም ያለበት መስመር ካገኛችሁ አጥፉት፣ ሴቭ አድርጉ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ። ቪፒኤን ካለ ዝጉ። አንቲቫይረሱንም ለዚያች ሰዓት አሳርፉት።

ፋይሉን ሲዘረጋ ሲቆም

ይህ አጭር ነው። ኮምፒውተሩ ፋይሉን በሲ ድራይቭ ላይ ይዘረጋዋል፤ ፋይሉ 7 ጊጋ ከሆነ ቢያንስ 20 ጊጋ ባዶ ቦታ ይኑራችሁ። ቦታው ካለና አሁንም ከቆመ ፋይሉ ተበላሽቷል፤ አጥፍታችሁ እንደገና አውርዱ። አይቱንስ (ዊንዶውስ ላይ ሪስቶሩን የሚሠራው የአፕል ፕሮግራም) ራሱ አውርዶት ከሆነ የድሮው ፋይል «አይፓድ ሶፍትዌር አፕዴትስ» በሚባል ማኅደር ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ካልጠፋ አይቱንስ በየጊዜው ያንኑ ብልሹ ፋይል ያነሣል፣ እናንተም በየጊዜው ያንኑ ስሕተት ታያላችሁ።

«ዌይቲንግ ፎር አይፓድ» ላይ ሲቆም፦ ኬብል፣ ጃክ፣ ድራይቨር

ብዙው ሪስቶር የሚወድቀው እዚህ ነው፤ 9፣ 4005፣ 4013 እና 4014 የሚሉት ቁጥሮችም በአብዛኛው ከዚህ ይመጣሉ። ምክንያቱን ማወቅ ግማሽ ጥገና ነው። ሪስቶር ሲጀመር አይፓዱ አንድ ጊዜ ተገናኝቶ እስከ መጨረሻው አይቆይም። መጀመሪያ ትንሽ ማስነሻ ፕሮግራም ይቀበልና ይጠፋል፣ እንደ አዲስ ዕቃ ሆኖ ይመለሳል፤ ሁለተኛ ይቀበላል፣ እንደገና ይጠፋል፣ በሌላ መልክ ይመለሳል። በያንዳንዱ መመለስ ዊንዶውስ «አዲስ ዕቃ መጣ» ብሎ ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን የሚያናግርበትን ትንሽ ፕሮግራም፣ ይፈልግለታል። ኬብሉ ላላ ካለ፣ ዊንዶውስ ከዘገየ ወይም ድራይቨሩ ከሌለ አይፓዱ ቆሞ ይጠብቃል፣ ኮምፒውተሩም ቆሞ ይጠብቃል፣ በመጨረሻ አንዱ ተስፋ ይቆርጣል።

ኬብሉን መጀመሪያ። በየሱቁ ከሚሸጡት ርካሽ ኬብሎች አንዳንዶቹ ውስጥ የቻርጅ ሽቦ እንጂ የዳታ ሽቦ የለም፤ ቻርጅ ያደርጋሉ፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አያይም። የዳታ ሽቦ ያላቸውም ቢሆኑ ረጅሞቹ ይደክማሉ፣ ከ1 ሜትር ያልበለጠ ምረጡ። የላይትኒንግ ኬብል ከሆነ ጫፉ ላይ ካሉት ስምንት ወርቃማ ጥርሶች አንዷ ጠቁራ እንደሆነ እዩ። ከጠቆረች ያ ኬብል ለቻርጅም ለሪስቶርም አይሆንም፤ ጣሉት። አይፓዱ ውስጥ የሚገባው ጫፍ ስለሚገለበጥ ገልብጣችሁ ሞክሩ፤ በአንድ ፊት ሠርቶ በሌላው እምቢ ካለ ጥፋቱ በጥርሶቹ ወይም በጃኩ ላይ መሆኑን አወቃችሁ።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ላይ የምትሰኩበት ቦታ። ማከፋፈያ አይሁን። ዴስክቶፕ ከሆነ የፊቱን ትታችሁ ከኋላ፣ ቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ተጠቀሙ። ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ካልሠራ ጥቁሩን ዩኤስቢ 2 ሞክሩ፤ ዝግ ያለ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አንዳንዴ የበለጠ ይታመናል። ላፕቶፑ እንዳይተኛ አድርጉት። በፓወር ኦፕሽን ውስጥም «ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ» የሚለውን ዝጉት፤ ይህ ነገር ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ዩኤስቢውን መሐል ላይ ያስተኛል።

ድራይቨሩን ለማየት አይፓዱን በሪከቨሪ አስገብታችሁ ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ። «አፕል ሞባይል ዲቫይስ» የሚል ስም ካለ ደኅና ነው። ቢጫ ምልክት ወይም ስም የሌለው ዕቃ ካያችሁ ግን አይቱንስን አጥፍታችሁ እንደገና ጫኑ። ከማይክሮሶፍት ስቶር የሚወርደውንና ከአፕል ቀጥታ የሚወርደውን አይቱንስ አንድ ላይ አትጫኑ፣ ይጋጫሉ። «አፕል ዲቫይስስ» የሚባለው አዲሱ ፕሮግራምም ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ይሠራል። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚጫነው የመጨረሻው አይቱንስ 12.10.11 ነው፤ አዲስ አይፓድ በዚያ ላይ መሞከር ጊዜ ማጥፋት ነው። በማክ ከሆነ ከካታሊና፣ ማለትም ከ2019 ወዲህ፣ ሥራው ወደ ፋይንደር ተዛውሯል፤ ድራይቨር የሚባል ጣጣም የለም። ለዚህ ነው በአንድ ዊንዶውስ ላይ አስር ጊዜ የወደቀ አይፓድ የሰው ማክ ተለምኖ በመጀመሪያው ሙከራ የሚነሣው።

ጃኩና ሐይቁ

ከአይፓዱ በኩል ያለው ጃክ የጣና ዳር ከተማ ላይ ተጨማሪ ጠላት አለው። ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ እርጥብ ነው። ጀልባ ላይ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ቱሪስት የሚያመላልሱ አስጎብኚዎች ታብሌታቸውን ካርታና ፎቶ ለማሳየት ይዘው ይወጣሉ፤ የማዕበሉ ፍንጣሪ ደግሞ ጃኩ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ውሃው ቢደርቅም ጥርሶቹ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ይተዋል። ቻርጅ ማድረግ ይችል ይሆናል፣ ዳታ ግን ይቆራረጥበታል።

አጽዱት። አይፓዱን ሙሉ በሙሉ አጥፉ፣ በስልክ መብራት ውስጡን እዩ፣ የተጠቀጠቀ አቧራ ካለ በእንጨት ስንጥር በቀስታ አውጡ። መርፌ ወይም የወረቀት ማያያዣ አታስገቡ፤ ብረት ጥርሶቹን ያጎብጣል፣ ያገናኛል። ዝገት ካለ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል አርሳችሁ አሻሹት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ቆዩ። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ሲሶው ውሃ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ሩዝ ውስጥ መቅበርም አይረዳም፤ ይልቅ የሩዙ ዱቄት ጃኩ ውስጥ ገብቶ ሌላ ሥራ ያመጣል።

መብራትና ባትሪ

«እየሠራ ይሞላል» ተብሎ ባዶ አይፓድ ከላፕቶፕ ጋር አይሰካም። ተራ ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ነው፤ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 4.5 ዋት። አይፓድ ግን የተሠራው ለ10 ወይም ለ12 ዋት ቻርጀር፣ አዲሶቹም ከዚያ ለሚበልጥ ነው። ስክሪኑ በርቶ፣ ፕሮሰሰሩ እየሠራ ከላፕቶፑ የሚያገኘው አይበቃውም፣ እየቀነሰ ሄዶ መሐል ላይ ይጠፋል። ከመጀመራችሁ በፊት በግድግዳ ቻርጀር ቢያንስ አንድ ሰዓት ሙሉት። ጨርሶ የሞተ ከሆነ የባትሪ ምልክት ለማሳየት ብቻ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆማል፣ ራውተሩ ግን አብሮ ይጠፋል። ፊርማው መጀመሪያ ላይ ብቻ የሚፈለግ ይመስላል፣ እንደዚያ አይደለም፤ በተለይ ሲም የሚቀበለው አይፓድ የኔትወርክ ክፍሉን ሲጭን ሁለተኛ ፊርማ ይጠይቃል። ስለዚህ ሥራውን ከራውተር ይልቅ ባትሪው በሞላ ስልክ ሆትስፖት ላይ ጀምሩ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) በሌለው ዴስክቶፕ ሪስቶር መጀመር ግን ቁማር ነው።

አይፓዱ ላይ መስመሩ መሙላት ከጀመረ በኋላ ሲቆም

የአፕል ምልክት ሥር ያለው መስመር መሙላት ከጀመረ ሶፍትዌሩ ወደ ታብሌቱ ሜሞሪ መጻፍ ጀምሯል ማለት ነው። እዚህ የሚቆም ነገር ሁለት መልክ አለው።

አንደኛው፣ በአፕዴት ላይ እያላችሁ 14 ወይም 1110 ሲመጣ ነው። የአይፓዱ ማከማቻ ጢም ብሎ ሞልቶ ከሆነ አዲሱ ሶፍትዌር የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። 16 ወይም 32 ጊጋ ባላቸው አሮጌ አይፓዶች ላይ የተለመደ ነው። ኬብልና ፋይል ቀይራችሁ ያው ከሆነ ቀሪው መንገድ ሪስቶር ነው፣ ዳታውም ይሄዳል። ባክአፕ መኖሩን ከባለቤቱ መጠየቅ እዚህ ላይ ነው እንጂ ካለቀ በኋላ አይደለም።

ሁለተኛው የሃርድዌር ነው። ለመለየት አንድ ሥርዓት ተከተሉ፦ በአንድ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። መጀመሪያ ኬብል፣ ቀጥሎ የዩኤስቢ ቦታ፣ ቀጥሎ ኮምፒውተር፣ ቀጥሎ ፋይል፣ ቀጥሎ ኔትወርክ። ሁሉም ተቀይሮ መስመሩ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ያን ጊዜ ታብሌቱን መጠርጠር ተገቢ ነው። በየጊዜው የተለያየ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ግንኙነቱ ወይም ባትሪው ነው፤ ቦርድ እንዲህ አይዋዥቅም። ሲም በሚቀበል አይፓድ መጨረሻው አካባቢ በስሕተት ቁጥር -1 (ኔጌቲቭ አንድ) ወይም 1 ከወደቀ የኔትወርክ ክፍሉ ይጠረጠራል። 21 እና 40 ደግሞ ኬብሉ ሁሉ ተፈትሾ ከቀጠሉ ወደ ውስጥ ዕቃ ያመለክታሉ።

ቦርድ ከማለታችሁ በፊት የሚቀር አንድ ሙከራ ዲኤፍዩ ነው። ሪከቨሪ የአይፓዱን የራሱን ማስነሻ ይጠቀማል፣ ዲኤፍዩ ግን እሱንም አልፎ ከሥሩ ይጀምራል፤ ማስነሻው ራሱ የተበላሸበትን ያነሣል። ሆም በተን ባለው አይፓድ ኬብሉ ተሰክቶ ሆሙንና የላይኛውን በተን ወደ 10 ሰከንድ ያዙ፣ ከዚያ የላይኛውን ብቻ ልቀቁና ሆሙን ሌላ 10 ሰከንድ ያህል ያዙ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ኮምፒውተሩ «በሪከቨሪ ያለ አይፓድ አገኘሁ» ካለ ተሳክቷል። ምልክት ወይም ሥዕል ከታየ ዲኤፍዩ አይደለም፣ ከመጀመሪያው ድገሙ። ከዲኤፍዩ የሚወጣው ሪስቶር ብቻ ነው፣ ዳታ አይተርፍም።

ሪስቶር ተሳክቶ የማይከፈት

ሁሉም አልጋ በአልጋ ሆኖ አልቆ «የባለቤቱን የአፕል አካውንት አስገባ» የሚል ስክሪን ይመጣል። ይህ የሪስቶር ጥፋት አይደለም፤ አክቲቬሽን ሎክ ነው፣ ከ2013 ጀምሮ አለ፣ መቶ ጊዜ ሪስቶር ቢደረግ አይነሣም። ዘመድ ከውጭ የላከው ታብሌት ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፣ ታብሌቱ መመለስ የለበትም፦ ላኪው ባለበት አገር ሆኖ በአይክላውድ ድረገጽ «ፋይንድ ማይ» ውስጥ ገብቶ ታብሌቱን ከአካውንቱ ላይ ያስወጣው። እናንተ እዚህ አይፓዱን አጥፍታችሁ ስታበሩት ይከፈታል። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙም ሻጩ ፊታችሁ ሆኖ ይህን ሳያደርግ ገንዘብ አትክፈሉ።

«ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ስክሪን ከመጣ ደግሞ ታብሌቱ የአንድ ትምህርት ቤት ወይም ድርጅት ንብረት ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሊያነሣው የሚችለው መዝጋቢው ድርጅት ነው። «ባይፓስ እናደርጋለን» የሚሉት መንገዶች በቀጣዩ ሪስቶር ይመለሳሉ።

ሳምሰንግና ሌሎች አንድሮይዶች

ሳምሰንግ ኦዲን በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጫናል፣ ፋይሎቹም ቢኤል፣ ኤፒ፣ ሲፒ እና ሲኤስሲ ናቸው። ዳታ እንዲተርፍ ከፈለጋችሁ ሲኤስሲ ቦታ ላይ «ሆም ሲኤስሲ» የሚለውን አስገቡ፤ ተራው ሲኤስሲ ያጠፋል። ብዙ ጊዜ የሚጥለው የሞዴል መምታታት ነው፦ ኤስኤም-ቲ510 ዋይፋይ ብቻ ነው፣ ኤስኤም-ቲ515 ሲም ይቀበላል፣ ፋይላቸው አይለዋወጥም። ታብሌቱ ላይ በቀይ «ኤስደብልዩ ሬቭ ቼክ ፌይል» ካለ የምትጭኑት ፋይል ከተጫነው አሮጌ ነው። በፋይሉ ስም ውስጥ ከ«ዩ» ወይም ከ«ኤስ» ፊደል ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ፣ ታብሌቱ ላይ ካለው ማነስ የለበትም። ኦዲን «ሴትአፕ ኮኔክሽን» ላይ ከተንጠለጠለ የኬብል ወይም የድራይቨር ጉዳይ ነው፣ ከላይ ያለው ሁሉ ይሠራል።

በሚዲያቴክ ቺፕ የሚሠሩት ርካሾቹ ኤስፒ ፍላሽ ቱል በሚባል ፕሮግራም ይጫናሉ። እዚያ ላይ «ፎርማት ኦል» የሚለውን አትንኩ። የታብሌቱን አይኤምኢአይ (ኔትወርኩ የሚያውቀውን መለያ ቁጥር) የያዘውን ክፍል አብሮ ይጠርገዋል፣ ሶፍትዌሩ ተነሥቶም ሲም አይሠራም። «ዳውንሎድ ኦንሊ» በቂ ነው።

ለባለሙያ ስትሰጡ

ወረቀት ላይ የሞዴል ቁጥሩን፣ የቆመበትን ቦታ፣ የወጣውን ቁጥርና እስካሁን የቀየራችሁትን ጽፋችሁ አብራችሁ ስጡ። ሲከፈት ሜሞሪ ከመነካቱ በፊት ባትሪውና የቻርጅ ጃኩ ፍሌክስ (ጃኩን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ስስ ሽቦ) ተቀይረው እንዲሞከሩ ጠይቁ፤ ሁለቱም ከቦርድ ሥራ ርካሽ ናቸው፣ 4013ንም ብዙ ጊዜ የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ስክሪኑ ከዳር ብድግ ያለ ወይም ጀርባው ያበጠ አይፓድ ከሆነ ግን ሪስቶር አትሞክሩ፣ ቻርጀርም አትሰኩበት። ያበጠ ባትሪ ሲሞቅና ሲጫኑት እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ባትሪው ወጥቶ ሌላ ከገባ በኋላ ሪስቶሩን ከመጀመሪያው ጀምሩ።